ወፍ ባለበት ቤት የፍራፍሬ ዝንብ እንዴት ይጠፋል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ ወረድ ስለሚል ሙቀቱ ለዝንብ ይመቻል። ሳሎን ውስጥ ጥንድ በቀቀን አለኝ። ፓፓያና ማንጎ ካልተሰጣቸው ቤቱን በጩኸት ያናውጡታል፤ ሲሰጣቸው ደግሞ ግማሹን በልተው ግማሹን ወደ ታች ይረጩታል። አሁን ከሽቦ ቤታቸው ሥር ያለውን ትሪ ሳነሳ፣ ዓይናቸው ቀላ ያለ ጥቃቅን ዝንቦች ቡን ብለው ፊቴን ይሞሉታል።

ጎረቤቶቼ «ፍሊት ንፊና ተገላገይ» ይሉኛል። ለመካሪ ቀላል ነው! የወፍ ሳንባ ግን እንዲህ ያለውን መርዝ አይችልም፤ ቡና ሲፈላ እንኳ ዕጣኑን በረንዳ ላይ ነው የማጨሰው። ኮምጣጤ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ በብርጭቆ አስቀመጥሁ። ብዙ ሰምጦበታል፣ የሚተካው ግን ይበልጣል። ከእንቁላል ተነስቶ ዝንብ ለመሆን በሞቃት ቦታ 10 ቀን ገደማ ስለሚበቃው፣ መራቢያውን ካላገኘሁት ማለቂያ የለውም። ትሪውን በየማታው በፈላ ውኃ አጥባለሁ፣ ቆሻሻም አላሳድርም። የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ውስጥ ይፈለፈሉ ይሆን? በረኪና እንዳልደፋበት ሽታው ለወፎቹ ያሰጋኛል።

ወፍ የምታሳድጉ እባካችሁ፣ ቱቦውን በምን አጸዳችሁት? ፍራፍሬውንስ ለምን ያህል ሰዓት ትተዉላቸዋላችሁ?