ጆቫኒ ብሩስካ መፈታት ነበረበት?

የፒያሳ ልጅ፦ እስቲ በዚህ እንከራከር። ጆቫኒ ብሩስካ የጣሊያኗ ደሴት የሲሲሊ ማፍያ ነው። ግንቦት 1992 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሲሲሊ ውስጥ ካፓቺ የምትባል ከተማ አጠገብ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሪሞቱን የተጫነው እሱ ነው። አስፋልቱ ስር የተቀበረው ፈንጂ ማፍያን ሲመረምር የኖረውን ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔን፣ ሚስቱንና ሦስት አጃቢ ፖሊሶችን ጨረሰ። በ1996 ተያዘ፣ ከዚያ ጓደኞቹን እየዘረዘረ መናገር ጀመረ፣ ዕድሜ ልክ መታሰሩ ቀረለትና በ2021 ወጣ። እኔ አልቀበለውም። ከመቶ በላይ ሰው መግደሉን በራሱ አፍ ያመነ ሰው እኮ ነው!

የሕግ ተማሪ፦ ንዴትህ ይገባኛል። ግን የማፍያን ጓዳ ከውጭ ሆኖ ማን ያውቃል? ኦሜርታ የሚሉት የዝምታ ሕግ አላቸው፣ ያየ አላየሁም ይላል። ያንን የሰበረው ራሱ የማፍያ አባል የነበረው ቶማሶ ቡሼታ ነው። በ1984 ከብራዚል ተላልፎ መጣና ማን አለቃ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ ለፋልኮኔ አንድ በአንድ ነገረው። በ1986 ፓሌርሞ ላይ የተከፈተው ትልቁ ችሎት 475 ተከሳሽ ነበረው፣ 338ቱ ተፈረደባቸው። ምንም የማያገኝ ከሆነ ማን ይናገራል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ቡሼታንና ብሩስካን አንድ ላይ አትመዝኑ። ስለ ጁሴፔ ዲ ማቴዎ ለምን ዝም አላችሁ? የማፍያ አባል የነበረው አባቱ የካፓቺን ጉዳይ ለመንግሥት መናገር ሲጀምር ልጁ 12 ዓመቱ ነበር። ፈረስ የሚወድ ልጅ። ማፍያዎቹ ፈረስ የሚጋልብበት ቦታ ድረስ ፖሊስ መስለው ሄዱ፣ አባትህ ጋ ልንወስድህ ነው አሉት፣ አባቴን ላይ ነው ብሎ ተከተላቸው። 779 ቀን ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ደበቁት። በመጨረሻ ብሩስካ አዘዘ፣ አንቀው ገደሉት፣ ሬሳውን አሲድ ውስጥ አሟሙት። እናቱ የምትቀብረው እንኳን አላገኘችም። ልብ በሉ፣ ሌላው እንዳይናገር ብሎ ልጅ ያስገደለ ሰው፣ ራሱ ሲናገር ተጠቀመበት።

የሕግ ተማሪ፦ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ለሚናገሩ የእስር ቅናሽ ይሰጥ ያለው ፋልኮኔ ራሱ ነው። እህቱ ማሪያ ፋልኮኔም እንደ ሰው ቢያመኝም ወንድሜ የፈለገው ሕግ ነው፣ ይከበር ብላለች።

የፒያሳ ልጅ፦ እህቱን አከብራለሁ። የሟቹ አጃቢ የአንቶኒዮ ሞንቲናሮ ሚስት ግን በመፈታቱ ክፉኛ ነው የተቆጣችው። የሷስ ሐዘን አይቆጠርም?

የሕግ ተማሪ፦ ይቆጠራል። ግን የዚያ ልጅ አሟሟት ራሱ የታወቀው ያነቁት ሰዎች ተይዘው ስለተናገሩ ነው። ቅናሹን ብታነሺው እናቱ እስከ ዛሬ በር በሩን እያየች ትጠብቀው ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይናገሩ እንጂ፣ እኔ መች አይናገሩ አልኩ። ለቤተሰባቸው ጥበቃ ይሰጥ፣ ጠያቂ ይግባላቸው፣ የተሻለ እስር ቤት ይዛወሩ። ልጅ ላስገደለ ሰው ግን በሩ አይከፈትለት።