በጅማ የእስያ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ቢቋቋም ከየትኛው ቋንቋ ይጀመር? የዘወትር ሥራውስ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ መምህር ዘኪቶ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በጅማ ከተማ በቋንቋ መምህርነት የማገለግል ነኝ። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን የእስያ ቋንቋዎችን የሚያስተምር ክፍል እንዲከፈት የሚጠይቅ የመነሻ ሐሳብ እያረቀቅን ነው፤ ቢቻል ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል፣ ካልሆነም አሁን ካሉት የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ጎን አንድ ንዑስ ዘርፍ እንዲሆን ነው የምናስበው። ረቂቁ ለየትኛውም አካል ያልቀረበ በመሆኑ እንደ ተወሰነ ጉዳይ እንዳይወራ አደራ እላለሁ።

ጥያቄው እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይና ተቋራጭ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቋል። በበለጤ ጌራ ደን ደግሞ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከገበሬዎቻችን ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። ወደ ቤጂንግ፣ ወደ ሴኡል፣ ወደ ቶኪዮና ወደ ኒው ዴልሂ ለነፃ ትምህርት የሚያመለክቱ ተመራቂዎቻችንም የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፉን በየጊዜው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስለሚሄዱበት አገር ቋንቋ አንድም ነገር ሳያውቁ ይሳፈራሉ።

የሚያሳስበኝ መክፈቱ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ የማታ የቻይንኛ ክፍል ሲጀመር አይቻለሁ። በመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሎ፣ ንግግርም ተደርጎ ነበር። በበጎ ፈቃድ የመጣችው መምህርት ጊዜዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ግን የሚተካት ሰው አልተገኘም፤ ክፍሉም በዚያው ተዘጋ። ከተማሪዎቹ አንዷ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «መምህር፣ ትምህርቱ መቼ ነው የሚቀጥለው?» ትለኛለች፤ የምመልስላት ስለሌለኝ ያመኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ከየትኛው ቋንቋ ብንጀምር ሥር ይሰድዳል? ሁለተኛውና ለእኔ የሚከብደው ደግሞ፣ የክፍሉ የዘወትር ሥራ ምን መሆን አለበት የሚለው ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ዜና የእንግዳ አቀባበልና የባህል ቀን ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ ክፍሉ ብዙ እንደማይዘልቅ ይታየኛል። በውጭ አገር ያሉ መሰል ክፍሎች በመመዘኛ ፈተና፣ በንግግር ውድድር፣ በጥናት ጉባኤና በመምህራን ልውውጥ ዓመቱን ይሞሉታል፤ ከእነዚህ የትኛው ለእኛ እንደሚበጅ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትነግሩኝ ለረቂቁ ትልቅ እገዛ ይሆነናል።

መልስ፦ የሂርማታው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት በቻይና መንግሥት ነፃ ትምህርት ሲሆን፣ ወደ ዋናው ትምህርት ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋ ብቻ ተምሬአለሁ። ምክሬ በቻይንኛ ጀምሩ፣ በዲግሪ ግን አትጀምሩ የሚል ነው።

ኤችኤስኬ የሚባለው የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛ ለረጅም ጊዜ በተሠራበት አደረጃጀቱ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው 150፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 600፣ አራተኛው 1,200 ቃላትን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጠኝ ደረጃዎች ያሉት አዲስ መስፈርት ስለወጣ ሥርዓተ ትምህርቱን ስትቀርጹ ሁለቱንም ማየት ይኖርባችኋል። በቻይንኛ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት አራተኛውን ደረጃ ስለሆነ፣ ለማንኛውም ትምህርት ክፍል ተማሪ ክፍት የሆነ የምርጫ ኮርስ አዘጋጅታችሁ ግባችሁን እዚያ ላይ ብታደርጉ ተማሪው የሚጨበጥ ነገር ይዞ ይወጣል። ያለ በቂ መምህር የተከፈተ ዲግሪ ግን ወረቀት ብቻ ይዞ የሚወጣ ተመራቂ ነው የሚያፈራው።

ተማሪ የሚሸሽበትን ቦታም አስቀድማችሁ ዕወቁት። በቀድሞው አደረጃጀት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የፈተናው ወረቀት ከቻይንኛው ጽሑፍ ጋር በላቲን ፊደል የተጻፈ ንባቡን ያሳያል፤ በሦስተኛው ደረጃ ያ ድጋፍ ተነሥቶ ተፈታኙ ከቻይንኛው ምልክት ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። አብረውኝ ከጀመሩት ያቋረጡት አብዛኞቹ እዚያ ላይ ነው የቆሙት። ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በእጅ መጻፍን ያለማመደ መምህር ይህን ድልድይ ያሻግራል። አራቱ የድምፅ ቃናዎችም ለእኛ ጆሮ እንግዳ ስለሆኑ የመጀመሪያው ወር ከንባብ ይልቅ ለመስማት ቢውል እመርጣለሁ።

የዘወትር ሥራን በተመለከተ፣ ዓመቱ በፈተናው ዙሪያ ይደራጅ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ ቋንቋና ባህል የሚያስተምር የኮንፊሽየስ ተቋም ስላለ ከእርሱ ጋር ተነጋግራችሁ ተማሪዎቹን በቡድን ይዛችሁ ሂዱ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለአንድ ተማሪ ኪስ ከባድ ነውና የመጓጓዣው ወጪ በክፍሉ በጀት ውስጥ ይካተት። «የቻይንኛ ድልድይ» የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድርም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ስለሚካሄድ ጎበዞቹን ያተጋል። የመምህር ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም፤ የውጭ መምህር በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት የአገር ልጆች ለሁለተኛ ዲግሪ ካልተላኩ ያዩት ነገር ይደገማል። የቤጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲ አማርኛን የሚያስተምር በመሆኑ መምህር በመምህር መለዋወጥን ብትጠይቁ ባዶ እጃችሁን አትቀርቡም።

መልስ፦ ከመንደራ

ወንድሜ ስለ ቻይንኛ ያሉትን አከብራለሁ። እኔ ግን ለሁለት ዓመት በግሌ ኮሪያኛ ያጠናሁ ነኝና፣ ለእኛ አገር ተማሪ ከምሥራቅ እስያ ቋንቋዎች ቶሎ የሚገቡት ኮሪያኛና ጃፓንኛ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ ሰዋስው ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ግሡ የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ላይ ይቀመጣል፤ በኮሪያኛም እንዲሁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው፤ «ትናንት የመጣው ሰው» ስንል ገላጩ ሐረግ ከስሙ በፊት ይመጣል፣ ኮሪያኛም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ በአፋን ኦሮሞ ግን ስሙ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኮሪያኛ መማሪያ ስለዚህ የቃላት ቅደም ተከተል ገጽ በገጽ ያብራራል፤ እኔ እነዚያን ገጾች ዘልያቸዋለሁ። «አንተ» እና «እርስዎ» ግሡን እንደሚለውጡት ሁሉ በኮሪያኛም አክብሮት የሚታወቀው በግሡ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1446 በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን ለሕዝብ ይፋ የሆነው ሀንጉል ፊደላቸውም 14 ተነባቢና 10 አናባቢ መሠረታዊ ፊደላት ሲኖሩት፣ እነዚህ በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ተገጣጥመው ክፍለ ቃል ይሆናሉ። አንድን ክፍለ ቃል በአንድ ቅርጽ ማንበብ የለመደ የፊደል ገበታ ልጅ ይህን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ይሁንና ቀላል ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። ቶፒክ የሚባለው የኮሪያኛ ችሎታ ፈተና ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ማዳመጥና ማንበብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን በ50 ደቂቃ ውስጥ አራት የጽሕፈት ጥያቄዎችን ያስሠራል። የመጨረሻው ጥያቄ ቁጥሩ 54 ሲሆን፣ በተሠመሩ ትናንሽ ካሬዎች ላይ አንድ ካሬ ለአንድ ክፍለ ቃል እየተሰጠ፣ ክፍት ቦታውም እየተቆጠረ፣ ከ600 እስከ 700 ካሬ የሚሞላ ክርክር መጻፍን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ስሞክረው በንግግር ቋንቋ የሚሰማውን የግሥ መጨረሻ በጽሑፉ ስላስገባሁ ወረቀቱን ያየልኝ ሰው ገጹን በቀይ ሞላው። ይህን ብቻዬን በስልክ መተግበሪያ ልማረው አልቻልኩም፤ ወረቀቴን የሚያነብልኝ ሰው ነው ያስፈለገኝ። የክፍሉ የዘወትር ሥራ ምን ይሁን ላሉት የእኔ መልስ ይኸው ነው፦ በየሳምንቱ የተጻፈ ወረቀት ሰብስቦ አርሞ የሚመልስ መምህር ይኑር። የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነም የነፃ ትምህርቱ ማመልከቻ ከፈተናው ቀን ጋር እየተሰላ ለተማሪው በጊዜ ይነገረው።

መልስ፦ ጂሬን

መምህር፣ እርስዎም ሁለቱ መላሾችም በጣም ሩቅ አያችሁ። ጅማ ውስጥ ሥር የሰደደ የእስያ ቋንቋ አስቀድሞ አለ፤ እርሱም ዓረብኛ ነው። የተወለደው በዓረቢያ ልሳነ ምድር ነውና ከዝርዝሩ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሊቃውንት እዚህ ሲያስተምሩ፣ በየመስጊዱና በየቤቱ የእጅ ጽሑፎች ተገልብጠዋል። ዛሬም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በሣጥን ተቀምጠው ይገኛሉ።

በአንድ የቤተሰብ ወዳጃችን ቤት አንዱን ገልጬ አይቻለሁ። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር፣ የየክፍሉ መነሻ ቃላት በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። በመስመሮቹ መካከል ሆን ተብሎ ሰፊ ቦታ ተትቷል፤ በዚያ ቦታ ላይ ተማሪው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ማብራሪያ በደቃቅ ጽሕፈት ሞልቶታል። ኅዳጉ ላይ ያለው ደግሞ በዓረብ ፊደል የተጻፈ አፋን ኦሮሞ ነው። ይህን ገጽ አሟልቶ ለማንበብ ዓረብኛም አፋን ኦሮሞም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ከጅማ ልጅ የተሻለ ማን ይገኛል? ምሥጥና እርጥበት ግን እኛን አይጠብቁም።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ ማስተማር የቆየ ልማድ ነው፤ የጤና ተማሪዎች በየቀበሌው ሲሠሩ ስናይ ነው ያደግነው። የቋንቋ ተማሪዎችም እንዲሁ በየዓመቱ ወጥተው የእጅ ጽሑፎችን ቢመዘግቡ፣ ከባለቤቶቹ እጅ ሳያወጡ ፎቶግራፍ ቢያነሡ፣ ክፍሉ የትም አገር የማይገኝ የራሱ ሥራ ይኖረዋል። የውጭ መምህር ቢሄድ እንኳ ሥራው አይቆምም።

መልስ፦ ቡና ቀማሽ

ስለ ጃፓንኛ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከእኛ በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ገበያው ክፉኛ ተመትቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ የገዢውን አገር ደንብ በራሱ ቋንቋ አንብቦ ለላኪው የሚያስረዳ ሰው በእጅጉ ያስፈልጋል። ነገር ግን በጃፓንኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና አትታለሉ፤ አምስቱም ደረጃዎች መናገርንና መጻፍን አይፈትኑም። ተማሪው የመጨረሻውን ደረጃ አልፎም የንግድ ደብዳቤ መጻፍ ሊያቅተው ስለሚችል፣ ያንን ራሳችሁ ማስተማር ይኖርባችኋል።

ጠያቂው፦ መምህር ዘኪቶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሳምንታዊው እርማትና ስለ መምህራን ልውውጡ ያላችሁትን ዛሬውኑ ወደ ረቂቁ አስገብቼዋለሁ። ጂሬን ያነሡት ግን የረቂቁን መነሻ ራሱን ሊቀይረው ነው፤ ዓረብኛን በዝርዝራችን መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጥነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ባለቤቶቹ ለማያውቁት ተማሪ ሣጥናቸውን ይከፍታሉን?

መልስ፦ ጂሬን

ለማያውቁት አይከፍቱም፤ መክፈትም የለባቸውም። ጽሑፎቹ ተሽጠው ከአገር ይወጡብናል የሚል ስጋት ስላለ፣ ካሜራ ይዞ በድንገት የመጣን ሰው በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ የመስጊዱን ሽማግሌዎች አነጋግሩ፤ ሐጂዎቹና ሼኾቹ ሳይፈቅዱ አንድም ቤት አትግቡ። ሁለተኛ፣ የፎቶግራፉ ሙሉ ቅጂ አስቀድሞ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ፣ የባለቤቱና የቤቱ ስምም ያለ ፈቃዱ እንዳይታተም በጽሑፍ ተስማሙ። ሦስተኛ፣ ከቤተሰቡ ዓረብኛ የሚያነብ አንድ ሰው መዝገቡ ሲሞላ አብሮ ይቀመጥ፤ ጽሑፉ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያውቀው እርሱ ነው። ረቂቁ ሲደርስ እኔም ካነጋገርኳቸው ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ጋር ላገናኝዎት ዝግጁ ነኝ።