እናቴ ለመስቀል ባሕር ዳር ልትመጣ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስበት የት የት ልውሰዳት?

የብቸናዋ፦
ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። እናቴና አክስቴ ለመስቀል ከብቸና ወደኔ ባሕር ዳር ሊመጡ ነው፣ እማዬ 71 አመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ አባይ ዙሪያውን በከበበው አገር ኖራ ጣናን በአይኗ አይታው አታውቅም፣ ጭስ አባይንም የምታውቀው በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ብቻ ነው፣ እኔ ደሞ እዚ ከተማ ስኖር 9 አመቴ ነው እና ሁሌ ለከርሞ ለከርሞ ስል እሷም ጉልበቷ ደከመ፣ ይሄ ነገር በጣም ይቆጨኛል። አሁን ሶስት ቀን አለን። ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ትሄዳለች፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው የሚያስቸግራት። ሁለት ልጆችም አሉኝ። መኪና የለንም ግን አንዱን ቀን ኮንትራት መያዝ እንችላለን። ሴት የሚገባበት ገዳም የትኛው ነው? ፏፏቴው ጋ ሳትደክም መድረስ ትችላለች ወይ? ዘንገና ሐይቅ ደርሶ መልስ ይቻላል ያለኝም ሰው አለ፣ የሄዳችሁ ንገሩኝ።

ጣና ዳር፦
እንኳን ደህና ይምጡልሽ እህቴ። እኔ ጣና ዳር ነው ያደግኩት፣ አባቴ በደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት እየጫነ ባሕር ዳር ያወርድ ነበር፣ ማታ ታንኳውን ከውሃ አውጥተን አቁመን እናደርቀው ነበር ምክንያቱም ደንገል ውሃ ከጠጣ ይከብዳል። እና ስለ ጣና አንድ ነገር ስሚኝ፣ ከሁሉም በፊት ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ሞገድ ይመጣል። እኔ አንድ ጊዜ አማቴን ይዤ ስመለስ 9 ሰዓት ሆኖብን ውሃው ጀልባው ውስጥ እየገባ፣ 8 ሰው ሆነን ላይፍ ጃኬቱ ሁለት ብቻ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው እስክንደርስ ድረስ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ፣ ያን ቀን እስከዛሬ አልረሳውም። ስለዚ ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩን በአይንሽ አይተሽ ነው የምትሳፈሪው፣ ዋጋውንም ቆሞ የሚጠብቅበትን ጨምረሽ ሳትነሱ ጨርሺ፣ 6 ሰዓት ሳያልፍ ደሞ መመለስ ጀምሩ።

ሴት ስለሚገባበት፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ወንድ ብቻ ነው። ዳጋ ደሞ ሩቅ ነው፣ የነ አፄ ዘርዐ ያዕቆብና አፄ ፋሲል አፅም ያለበት እሱ ነው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴት ይገባል፣ እንጦስ ኢየሱስም ይገባል፣ ደብረ ማርያምም ይገባል። ለናትሽ ዘጌን ነው የምመርጥላት። አዝዋ ማርያም ከወደቡ ጥቂት ደቂቃ ነው አትቸገርም፣ ዑራ ግን በቡና ጫካው መሀል 20 ደቂቃ የሚሆን ዳገት አለው፣ ቀስ እያለች ዱላ ይዛ እያረፈች ከሄደች ትደርሳለች፣ ካቃታትም አዝዋ ብቻውን ይበቃታል። መንገዱ ሁሉ የቡና ዛፍ ጥላ ነው ፀሐይ አያገኛትም። ዘጌ ላይ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው፣ ጫካው እስካሁን የቆየው በዛ ነው፣ ይሄን ለልጆቹ ንገሪያቸው።

መምህር ነኝ፦
ጣና ዳር የተናገረው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ዑራ ስትገቡ እናትሽን አታስቸኩያት። ጋይዶቹ ይሄ እገሌ ነው ይሄ እገሌ ነው ብለው በአስር ደቂቃ ይጨርሱታል። እኔ አያቴን ይዤ ሄጄ መቅደሱ ግድግዳ ስር ቁጭ አደረግኳቸው፣ በሩ ላይ ሰይፍ የመዘዙትን መላእክት ተሳልመው ከዛ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ያለውን ስዕል አንድ በአንድ እሳቸው ተረኩልን። ፊደል ያልቆጠሩ ሴትዮ ናቸው እኮ። ተአምረ ማርያም በጆሯቸው ሲሰሙ የኖሩትን ሁሉ ግድግዳው ላይ አገኙት፣ በላዔ ሰብ ጋ ሲደርሱ ውሃ የሰጠውን ለምፃም እያሳዩን አለቀሱ። ልጆቼ ያን ቀን የሰሙትን ከኔ በአመት አይሰሙትም። ስለዚ ብዙ ቦታ አታብዢ በቀን አንድ ይበቃል።

ለመጡበት ቀን ደሞ ሩቅ ሳትሄዱ ከተማው ውስጥ ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን የድሮ የድንጋይ ፎቅ አሳዪያቸው፣ ስፔናዊው የካቶሊክ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ሰራው የሚባለው ነው። ከዛ 11 ሰዓት አካባቢ በባጃጅ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግስት ያለበት። ቁም ነገሩ ህንፃው አይደለም፣ ከዛ ላይ አባይ ከጣና ወጥቶ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ይታያል። አባይን ለምታውቅ ሴት አባይ ከየት ተነስቶ እንደሚዞራት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ጭስ አባይ ተወልጄ፦
ፏፏቴው ጋ ትደርሳለች አትስጊ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ በአላታ ድልድይ በኩል ነው፣ እሱ ቁልቁለትና ዳገት ድንጋይ ለድንጋይ ስለሆነ ለጉልበት አይሆንም። ሌላው በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ሜዳ ሜዳውን የሚሄደው ነው፣ እናትሽን በሱ ውሰጃት። ግን ወንዙ በጣም ከሞላ ጀልባው አይሻገርምና ስትደርሱ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። ልጆቹን ከሌላ ሰው ጋር በድልድዩ ላኪያቸው፣ በ1626 እ.ኤ.አ. በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሰራ ነው፣ በኖራ ተለስኖ እስከዛሬ ከብቱም ሰዉም ይሻገርበታል፣ እኔ ትምህርት ቤት በሱ ላይ ነው የተመላለስኩት። ጠርዙ ላይ የሰው እጅ ያለሰለሰው ድንጋይ አለ፣ እየነካን እናልፍ ነበር።

ስለ ውሃው ደሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው በጋ መጥቶ ተበሳጭቶ ይመለሳል። የጣና በለስ የመብራት ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ውሃው ከሐይቁ በሌላ በኩል ወደ በለስ ስለሚሄድ ወደኛ የሚመጣው ቀንሷል፣ በበጋ ገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ነው የምታዪው። መስከረም ግን ከክረምቱ ሙላት ጋር ሙሉ ነው፣ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ፊት ያርሳል። ጊዜው ጥሩ ጊዜ ነው የመረጥሽው። ለልብስ መቀየሪያ ያዢላት፣ ነጠላዋ ይበሰብሳል።

አገው ምድር፦
ዘንገና ይቻላል፣ እኔ እንጅባራ ነኝ። ከባሕር ዳር እንጅባራ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመራዊ በዳንግላ በአዲስ ቅዳም አድርገሽ፣ ሐይቁ ደሞ ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ ስትሄጂ ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም፣ እናትሽ ከመኪና ወርዳ ዳሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሙሉ ክብ ነው፣ ዙሪያው ደን፣ ጥልቀቱ እስከ 166 ሜትር ስለሚደርስ ልጆቹን እጃቸውን ያዢ። ብርዳም ስለሆነ ጋቢ አይቅር። ግን ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮች ጠይቂ፣ ይሄን ቸል አትበይ።

ሰከላ፦
እኔ ግን እናትሽ ሰከላ ያለውን ግሽ አባይን ሳታይ ትመለስ አልልም። የአባይ ምንጭ እኮ ነው፣ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ከአመታት በኋላ ሳይርስ የመለሰላቸው ቦታ ነው፣ ጸበሉም አለ ለጉልበቷም ይሆናታል።

አገው ምድር፦
ወንድሜ ሰከላ እኔም የምወደው አገር ነው ግን ለ71 አመት ሴት በክረምት መውጫ ጭቃ ደርሶ መልስ ባንድ ቀን ከባድ ነው። ጸበል የሚፈልግ ሰው ሄዶ ያድራል፣ ምግብም ሳይቀምስ ነው የሚቀርበው። ሌላ ጊዜ በበጋ ሁለት ቀን ይዛ ትውሰዳት።

የብቸናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን ለእማዬ ደውዬ አነበብኩላት። ግሽ አባይ ስላት ዝም አለችና እሱን ለጥር አስቀምጪልኝ፣ የጥር ጊዮርጊስን በዓል አልፌ እመጣለሁ አለች፣ እሺ ብያታለሁ። ዘንገናም ይቆይ፣ መንገዱ ረጅም ነው። እንዲህ ወሰንን፣ የመጡ ቀን ጊዮርጊስና ቤዛዊት፣ በማግስቱ ጭስ አባይ በጀልባው በኩል፣ መስከረም 16 ወርኃዊው ኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነስተን ዑራ ቅዳሴ ደርሰን ለደመራ ከተማ እንመለሳለን። ጣና ዳር ወንድሜ፣ በዛ ሰዓት የሚነሳ ጀልባ ከዋዜማው ነው የሚያዘው ወይስ ጠዋት ወደቡ ላይ ይገኛል?

ጣና ዳር፦
ከዋዜማው ያዢ፣ 16 ቀን ምዕመኑ ብዙ ነው። ሄደሽ ጀልባውን ራሱን እዪው፣ ለልጆቹም በልካቸው ላይፍ ጃኬት ካለው ጠይቂ፣ የትልቅ ሰው ካደረጉ ከላይ ሾልኮ ይወጣል። ለናትሽ መሀል ላይ ቦታ ያዢላት፣ ፊት ለፊት አይሁን፣ ፊት ነው ብዙ የሚያነጥረው።