እህቴ ከሰመመን በኋላ መተንፈስ ተስኗት ነበር፤ አሁን ተራው የወንድሜ ነው

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። በ2011 ዓ.ም. እህቴ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካለቀላት በኋላ 4 ሰዓት ያህል በራሷ መተንፈስ ስላልቻለች በመሣሪያ ቆየች። ነርሶቹ ሲነጋገሩ ትሰማ ነበር፤ የዐይኗን ቆብ ማንሳት ግን አቃታት። ይህን ስትነግረን ዛሬም እጇ ይንቀጠቀጣል። የሰመመን ባለሙያው ሱክሳሜቶኒየም የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ጠረጠረ። በ10 ደቂቃ ገደማ ኃይሉ ማለቅ ሲገባው ለሰዓታት የቆየው፣ መድኃኒቱን የሚሰባብረው ኢንዛይም በሰውነቷ ስላነሰ ሳይሆን እንደማይቀርና ችግሩ በዘር እንደሚተላለፍ ነገረን። በጽሑፍ ግን ምንም አልሰጠንም።

አሁን የ24 ዓመት ወንድማችን እንቅርቱን በሙሉ ሰመመን ሊያስወጣ 2 ሳምንት ቀርቶታል። የእህቴን መዝገብ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ የለም። ይህን ኢንዛይም የሚለካውን የኮሊንኢስተሬዝ የደም ምርመራ አራት ላቦራቶሪዎችን ጠየቅሁ፤ አንዱም አይሠራም። ቀዶ ሐኪሙ «ለሰመመን ባለሙያው ንገሩ» አለን፤ እርሱን የምናገኘው ግን በዕለቱ ጠዋት ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ጥድፊያ ነው።

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ ምርመራው እስኪገኝ ቀጠሮውን እናራዝም ወይስ ባለሙያው አስቀድሞ አውቆ ሱክሳሜቶኒየምን በሌላ መድኃኒት ቢተካው ይበቃል?