የገና ሜዳችን ቆሻሻና ሥርዓት፦ ለቀበሌው የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ዳር ስላለው የጋራ ሜዳ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ለቀበሌው ሐሳብ ለማስገባት ተስማምተናል። ሜዳው ታኅሣሥ 29 የገና ጨዋታ፣ ጥር 11 የጥምቀት ሕዝብ ይውልበታል፤ በቀረው ጊዜ የልጆች ኳስና የሰፈሩ ከብት ነው። ረቂቁ ለጊዜው ሦስት ነገር ይዟል፦ ስድስት በርሜል ማቆም፣ ቆሻሻ በሚጥል ሰው ላይ 50 ብር ቅጣት፣ በማግሥቱ የጽዳት ዘመቻ። «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጨብጥ» የሚል መስመር እንዳይገባበት እለምናለሁ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዕቃ የሚለውን ጨምሩበት።

የከብት አርቢዎች ተወካይ፦
ጋሼ ጸሐፊ፣ «በማግሥቱ» የሚለው ይውጣ። ከብቱ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ነው። ከብት እንደ ፍየል እየመረጠ አይቀጥፍም፤ ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ ነው የሚያስገባው፣ በመሐሉ ያለውን አይለይም። ፌስታሉ ደግሞ ወጥ የነካው እንጀራ ታስሮበት የተጣለ ከሆነ ላሚቱ ጨው ጨው ያላትን እየላሰች አብራ ትውጠዋለች። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣምም፤ በላዩ ሌላው እየተጠቀለለበት ይቋጠራል። ላሟ ትበላለች፣ ግን ሥጋ አታወጣም፤ ወተቷ ይቀንሳል፣ በግራ ጎኗ ሆዷ ይነፋል። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሐኪም ቢላ እንጂ የሚጠጣ መድኃኒት አያወጣውም።

ስለዚህ ለቀማው የበዓሉ ዕለት ማታ ከ11 እስከ 12 ሰዓት፣ ብርሃን ሳለ ይሁን። ያመለጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለቀም። ከብቱ የሚገባው ለቃሚዎቹ ጨረስን ካሉ በኋላ ነው። እረኞቹን መንገር የእኛ ድርሻ ነው።

የጽዳት ኃላፊዋ፦
እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ፌስታሉን ከመሐል ሜዳ አንሥቶ ወደ አጥሩና ወደ ጅረቱ ይወስደዋል። ከጎጃም የሚወርድ ጅረት መጨረሻው ዓባይ ነውና ከውኃው የገባው ተመልሶ አይገኝም። ለቃሚ ከመሐል ከጀመረ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሄዷል። ነፋሱ ከሚሄድበት ጠርዝ ጀምሮ ወደ ነፋሱ ፊት መልቀም ነው ያለበት። ጎን ለጎን አሥር ሰው፣ በመካከላቸው ሦስት ሦስት እርምጃ ትቶ፣ አንድ መስመር ሆኖ ይሄዳል። ዝም ብሎ መበተን አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ፣ ሌላውን ምንም አለመልቀም ነው።

በርሜሉን በተመለከተ ረቂቁ ይቀየር። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲታይ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ያልተጨመቀ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሁለት መቶ ብዙም አይዘልቅም፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይሞላል። ታችኛው ካልተበሳ ዝናብ ያቁርና ይሸታል። እርጥብ ቆሻሻ ሲሞላበት ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል፣ ከብት አንገቱን ያስገባበታል፣ በመጨረሻም አንዱ «ልገላግላችሁ» ብሎ እሳት ይለኩስበታል። የቀለጠ ፕላስቲክ ሣሩ ላይ ከፈሰሰ ያ ቦታ ለወራት ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል፤ ጭሱም የሚገባው ከአጥሩ ወዲያ ካለው ቤት ነው።

በምትኩ የማዳበሪያ ከረጢት ይሁን። ሦስት አጣና ተተክሎ፣ የከረጢቱ አፍ እንደተከፈተ በሽቦ ይታሰርና ከንፈሩ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ሕፃን ይደርስበታል። ሲሞላ አፉን አስሮ አዲስ መስቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጣቢያዎቹ ስምንት ይሁኑ፤ መሐል ሜዳ ላይ ሳይሆን በመውጫዎቹና በሻጮች አጠገብ። ሰው ቆሻሻውን ይዞ ሃያ፣ ሠላሳ እርምጃ ይሄዳል፤ ከዚያ ካለፈ እጁ ይፈታል። በየጣቢያው ሁለት ሁለት ከረጢት፦ አንዱ ለሃይላንድና ለፕላስቲክ፣ ሌላው ለሸንኮራ ገለባ፣ ለበቆሎ ቆረቆንዳና ለልጣጭ።

ገንዘብ ያዥ፦
እትዬ ያሉት ከበርሜል ይረክሳል፣ እደግፋለሁ። ነገር ግን «ሃይላንዱን ለቆራሌው ሸጠን ወጪውን እንሸፍናለን» የሚል ሐሳብ ከወዲሁ ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ በጀት ላይ እንዳይገባ። ባዶ ግማሽ ሊትር ከ10 እስከ 15 ግራም ነው የሚመዝነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ70 እስከ 100 ጠርሙስ መልቀም ያስፈልጋል። ቆራሌው መጥቶ ከወሰደልን ማመላለሻ ተረፈን፣ ትርፋችን እሱ ነው።

ቅጣቱን በሚመለከት፦ ማኅበራችን አባሉን በመተዳደሪያ ደንቡ ሊቀጣ ይችላል፤ በዓል ሊያይ የመጣን ሰው ግን 50 ብር አምጣ ለማለት ሥልጣን የለውም። የሚቀጣው የከተማው አስተዳደር ነው። ሕጉንም እንየው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በስፖርት ሜዳ ላይ ቆሻሻ መጣልን ሲከለክል ማጠራቀሚያ ባለበት ቦታ ብሎ ነበር፤ ማጠራቀሚያውን ማቅረብም የከተማው አስተዳደር ግዴታ ነበር። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ያንን ሽሮ ፌስታልን ከልክሏል። ስለዚህ ደብዳቤያችን ልመና ብቻ መሆን የለበትም፤ አዲሱ አዋጅ ይህን ግዴታ እንዴት እንዳስቀመጠው አረጋግጠን ማጠራቀሚያውና ማንሻ ጋሪው እንደ ግዴታ ይጠየቁ።

በቅጣቱ ፈንታ የሻጭ መያዣ እናድርግ። ሸንኮራ፣ ቆሎ፣ ሻይና ለስላሳ የሚሸጥ ሁሉ ቦታ ሲይዝ 100 ብር ያስይዛል፣ አንድ ከረጢት ይሰጠዋል። ማታ በዙሪያው አምስት እርምጃ ንጹሕ ከሆነና የሞላ ከረጢቱን ካስረከበ ብሩ ወዲያው፣ እዚያው ይመለስለታል። «ነገ ና ውሰድ» ከተባለ ሥራው በዓመቱ ፈረሰ ማለት ነው።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ስለ ቆርኪ ማንም አላነሣም። ብዙ ተጫዋች በባዶ እግሩ ወይም በቀጭን ጫማ ነው የሚሮጠው። ቆርኪ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ ሰርዶው ውስጥ ሲገባ ሣሩ ይሸፍነዋል፤ በዓይን መልቀም አይቻልም። መፍትሔው ማግኔት ነው። ከተበላሸ ትልቅ ስፒከር የሚወጣውን ክብ ማግኔት በአንድ ሜትር ተኩል ገመድ ከዱላ ጫፍ ላይ ማሰር፣ ከሣሩ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ እያወዛወዙ መሄድ። ቆርኪው ብረት ስለሆነ ዘሎ ይለጠፋል፤ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭም ይነሣል። ማግኔቱን አስቀድሞ በፌስታል መጠቅለል ያሻል፦ ፌስታሉ ሲገለበጥ የለጠፈው ሁሉ በአንዴ ይረግፋል፤ አለበለዚያ አንድ በአንድ በጥፍር መንቀል ነው። የቆርቆሮ መጠጥ ጣሳ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ በማግኔት አይነሣም፤ ብርጭቆም እንደዚያው። እነሱን በእጅ፣ ያውም በጓንት። አራት ማግኔት ካለን ጎሎቹ አካባቢና ሻጮች የተቀመጡበት መስመር በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ሌላው የሣሩ ነገር ነው። የገና ዱላ እሩሩን (የገናውን ኳስ) ስታ መሬት ስትመታ ሣሩን ከነሥሩ ትቦጭቃለች። ጎልፍ ተጫዋቾች ለዚህ የቆየ ልማድ አላቸው፦ የተቦጨቀውን ራሱ የመታው ሰው አንሥቶ ከቦታው ይመልሳል፣ በእግሩ ይረግጠዋል። ከ2019 (እንደ ፈረንጆች) ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የጎልፍ ደንብ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ተጫዋች ሜዳውን እንዲጠብቅና ለሌላው እንዲያስብ ያዛል፤ ውድድሩን የሚመራው ኮሚቴም የራሱን የሥነ ምግባር ደንብ ከነቅጣቱ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ለእኛም ይሠራል፤ ብቻ በታኅሣሥ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ረግጦ መተው አይበቃም፣ ውኃ ካላገኘ በሁለት ቀን ይጠወልጋል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። ቁራጩ ከተበታተነ ደግሞ ጉድጓዱን በአፈር ሞልቶ መደልደል ይሻላል፤ ሰርዶ ከጎን እየተሳበ ራሱ ይሸፍነዋል።

ዳኛ፦
ስለ ሥርዓቱ እኔ ልናገር። የገና ጨዋታ እንደ ኳስ የተሠመረ መስመር የለውም፤ ተመልካቹ እሩሩን እየተከተለ ይጠጋል፣ ሜዳው እየጠበበ ይመጣል፣ በመጨረሻ ዱላ የሚወዛወዘው በልጆች መሐል ነው። ጉዳት የሚደርሰው ከተጫዋቹ ይልቅ ቀድሞ በተመልካቹ ነው። ገመድ ያስፈልጋል። ጨዋታውን 100 በ60 ሜትር ብንወስነው ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 200 ሜትር ይሆናሉ፤ ገመድ ስለሚረግብ 220 ይገዛ። ችካሉ በየ10 ሜትሩ፣ በአንድ ጎን 11፣ በጠቅላላው 22። ገመዱ ከጨዋታው ጠርዝ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይሁን። እሩሩ የሚጠለዘው ወደ ሁለቱ ጫፎች ስለሆነ ከጎሎቹ ኋላ ማንም አይቁም፤ ባጃጅም አይቁም።

ሌላው ሰው በአጠገብ ሳለ ዱላ ከወገብ በላይ አይነሣ። አንደኛ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ጊዜ መውጣት። እሩሩ ገመዱን ካለፈ ተጫዋች ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ነው የሚያነሣው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ተረቡም ግጥሙም ይቀጥል፤ ሹሙም ባለጠጋውም ይሰደብበት፣ ደስታው እሱ ነው። ነገር ግን በሰው ዘር፣ በሃይማኖትና በአካል ጉዳት የሚመጣ ስድብ ከዚህ ፈቃድ ውጪ ነው። የሁለቱ ጎራ አለቆች ከጨዋታው በፊት ይህን በተጫዋቹ ፊት ይናገሩ፤ አቀንቃኙን የሚያስቆመውም የራሱ ጎራ አለቃ ይሁን። ዳኛ ከገባበት ጠብ ይሆናል።

የከብት አርቢዎች ተወካይ፦
የሸንኮራ ገለባው የት ይወሰዳል? እንዳለ ከተጣለ ዓመት ይቀመጣል።

የጽዳት ኃላፊዋ፦
በሜዳው ጥግ፣ ከጅረቱ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር። ገለባው ጣት በሚያህል ይከተከት፤ ደረቅ ስለሆነ ብቻውን አይበሰብስም። አንድ ስንዝር ገለባ፣ በላዩ አራት ጣት እርጥብ እበት፣ ትንሽ አፈር፣ ውኃ፤ ደግሞ እንደገና። በየሦስት ሳምንቱ መገልበጥ። እበቱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

የከብት አርቢዎች ተወካይ፦
ይመጣል። ሃያ ከረጢት ያህል።

ጸሐፊ፦
የተስተካከለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል። በርሜልና የ50 ብር ቅጣት ወጥተዋል። ስምንት ጣቢያ፣ ለያንዳንዱ ሁለት ከረጢት፣ ለሃያ ሻጭ አንድ አንድ፣ መጠባበቂያ አራት፤ በድምሩ 40 ከረጢት፤ ለጣቢያዎቹ ከረጢቶች ሦስት ሦስት፣ 48 አጣና። ከሻጭ 100 ብር መያዣ፣ በዕለቱ የሚመለስ። ለቀማ ማታ 11 ሰዓትና ንጋት 12 ሰዓት፣ ከነፋሱ በታች ካለው ጠርዝ ጀምሮ። 220 ሜትር ገመድ፣ 22 ችካል፣ አራት ማግኔት፣ ሁለት ጀሪካን፣ አሥር ጥንድ ጓንት፣ አንድ የብስባሽ ጉድጓድ። የዳኛው የሥርዓት አንቀጾች እንዳሉ ገብተዋል። ከቀበሌው የምንጠይቀው የማንሻ ጋሪ ለታኅሣሥ 29 እና ለጥር 11 ማታ፣ እንዲሁም የሁለት ደንብ አስከባሪ መመደብ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ጥር 11 ሕዝቡ ከታኅሣሥ 29 በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከረጢቱ ይበቃል?

ገንዘብ ያዥ፦
አይበቃም። የገናውን ማታ የሞሉትን ከረጢቶች በየጣቢያው እንቁጠር፤ የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደሞላ ይጻፍ። ለጥምቀት የምንጨምረው በዚያ ቁጥር ነው። ከደብዳቤው ጋር ባዶ ሠንጠረዥ እንዲያያዝ አድርጉ፣ እኔ አዘጋጃለሁ።