የቆዩ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ካሴቶችን ማቆየት ዛሬም ይጠቅማል ወይ?

አደራ ተቀባይ፦

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሲባል ነፍሱ ነበር። ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ስልሳ ያህል የቪኤችኤስ ካሴቶች በእኔ እጅ ቀሩ። ከፊሎቹ ከነሽፋናቸው የተገዙ ናቸው፤ የሚበዙት ግን እሱ ራሱ ከቴሌቪዥን የቀዳቸው ሲሆኑ፣ በየካሴቱ ጀርባ ላይ የፊልሙን ስምና የተቀዳበትን ቀን ጽፎ ከሥሩ «እንዳይቀዳበት!» የሚል ማሳሰቢያ አክሎበታል። ማሳሰቢያው እንዳይበቃ ሰግቶ መሆን አለበት፣ ከካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ከሁሉም ላይ ሰብሯታል።

ቤተሰቦቼ «እነዚህ ፊልሞች በጥሩ ጥራት በዲስክ ወጥተዋል፤ ካሴቱ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል?» ይሉኛል። እኔም ላምናቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ብሌድ ራነር የተሰኘውን ፊልም ከካሴቱም ከገዛሁት ብሉሬይም አከታትዬ ሳየው ግራ ገባኝ። በካሴቱ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከምስሉ ጀርባ በገዛ ድምፁ ታሪኩን ይተርካል፤ መጨረሻ ላይም ሁለቱ ፍቅረኞች በተሽከርካሪ ሆነው ተራራማ አገር ሲያቋርጡ ይታያሉ። በዲስኩ ላይ ትረካውም ተራራውም የሉም፤ ፊልሙ የሚያበቃው የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ ነው። ወንድሜ ያየውና የወደደው ፊልም የትኛው ነው? ሌሎቹስ ካሴቶች እንዲህ ያለ ልዩነት ይዘው እንደሆነ በምን ልወቅ?

የጥንት ጥቅል፦

ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። ወንድምዎ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1982 በሲኒማ ቤቶች የታየውን ቅጂ ነው። ትረካውና ደስ የሚለው መጨረሻ በ1992 በወጣው ቅጂ ላይ ተወገዱ፤ የእርስዎ ዲስክ ደግሞ የፊልሙ ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት በ2007 እንደገና አርሞ ያወጣው የመጨረሻው ቅጂ ይመስለኛል። ደግነቱ በዚያው ዓመት አምስት የተለያዩ ቅጂዎችን የያዘ ስብስብ ስለታተመ፣ የ1982ቱን በተሻለ ጥራት ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ይህ ካሴት ለእርስዎ መታሰቢያ እንጂ የፊልሙ ብቸኛ መጠጊያ አይደለም።

ሁሉም ፊልም ግን እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። የ1977ቱ ስታር ዋርስ በ1997 አዳዲስ ምስሎች ተጨምረውበት ዳግም ለዕይታ ቀረበ፤ በኋላ በብሉሬይ የታተመውም የተለወጠው ነው። ሰዎች በሲኒማ ቤት ያዩት የመጀመሪያው ቅጂ በ2006 በዲቪዲ የወጣው እንደ ተጨማሪ ዲስክ ሆኖ ሲሆን፣ ያም አዲስ ሥራ ሳይሠራለት በ1993 ለሌዘርዲስክ (ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ትልቅ የፊልም ዲስክ) ከተዘጋጀው ቅጂ በቀጥታ የተወሰደ ነበር። አፍቃሪዎች በሲኒማ ቤት ሲታዩ የነበሩ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የፊልም ጥቅሎችን ፈልገው አግኝተው ፍሬም በፍሬም (እያንዳንዱን ነጠላ ምስል ለየብቻ) ወደ ዲጂታል እስከ መለወጥ የደረሱት ከዚህ የተነሳ ነው።

ስለ ጥራት ለሚከራከሩዎት ደግሞ የሜትሮፖሊስን ነገር ይንገሯቸው። ፍሪትዝ ላንግ የሠራው ይህ ፊልም በ1927 በበርሊን ከተመረቀ በኋላ ተቆራረጠ፤ የተቆረጠውም ለዘመናት የጠፋ ሆኖ ቀረ። በ2008 በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል ቅጂ ተገኘ። እሱም ከሰብሳቢ እጅ ያለፈ ጥቅል ወደ 16 ሚሊሜትር አንሶ የተገለበጠ ነበር። ሲገለበጥ በዋናው ላይ የነበሩት ጭረቶች አብረው ተቀድተው የምስሉ አካል ስለሆኑ፣ በ2010 በቀረበው የታደሰ ፊልም ላይ የተመለሱት 25 ደቂቃ ገደማ ትዕይንቶች ዝናብ የሚዘንብባቸው ይመስላሉ። ያንን ዝናብ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የትኛው ትዕይንት ከሞት እንደተመለሰ በዓይን ይታያልና።

ሰፊ መጋረጃ፦

በቅጂዎች ጉዳይ እስማማለሁ፤ ሆኖም ካሴቱ ራሱ ፊልሙን ምን ያህል እንደሚጎዳው ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ስፋቱ የቁመቱን 2.35 እጥፍ የሆነ ፊልም የዱሮውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ ሆኖ ሲቆረጥ ከምስሉ 43 በመቶ ያህሉ ይጠፋል፤ በጠፈር መርከብ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሲነጋገሩ አንደኛው በድምፁ ብቻ የሚቀረው ለዚህ ነው። ርዝመትንም ሲያነጻጽሩ ይጠንቀቁ። ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም መሄዱ ቀርቶ በ25 ስለሚሄድ 100 ደቂቃ የነበረው በ96 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ አጥሮ ስላገኙት ብቻ ተቆርጧል አይበሉ።

እኔ ብሆን የማስቀድመው ከቴሌቪዥን የተቀዱትን ነው። የተገዛ ካሴት በብዙ ሺህ ቅጂ ስለታተመ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ወንድምዎ በዚያች ምሽት የቀዱት ግን፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራው ትርጉም ድምፅና የአስተዋዋቂው መግቢያ ጭምር፣ የትም ላይገኝ ይችላል። ዶክተር ሁ የተባለውን ተከታታይ ድራማ ያስታውሱ። ቢቢሲ በ1960ዎቹ ያሰራጫቸውን ብዙ ክፍሎች ቴፖቹን ደምስሶ እንደገና ተጠቅሞባቸዋል፤ ዛሬ ግን ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው ሙሉ ለሙሉ አለ። ያዳኑት ቤታቸው ቁጭ ብለው ድምፁን ከቴሌቪዥናቸው የቀዱ ተመልካቾች ናቸው።

አደራ ተቀባይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከቴሌቪዥን የተቀዱት ሠላሳ አራት ሆነው አገኘኋቸው። የወንድሜ ዴክ (የካሴት ማጫወቻው) አሁንም ይሠራል። ዛሬ ማታ አንዱን አስገብቼ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ልጀምር?

መስመር በመስመር፦

እባክዎ ዛሬ ማታ አይጀምሩ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ካሴት ወደ መብራት ጠጋ አድርገው በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ጠርዝ ይመልከቱ። ጠርዙ ጥቁርና አንድ ወጥ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ደህና ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ካዩ ግን ሻጋታ ነው፤ እንዲህ ያለውን ካሴት ለይተው በከረጢት ያሽጉት እንጂ በፍጹም አያጫውቱት። አንድ የሻገተ ካሴት የዴኩን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሻል፣ ከዚያም ወደ ጤነኞቹ ይዛመታል። ዴኩንም ከመጀመርዎ በፊት ያስጸዱት፤ ቪኤችኤስ ዴክ በፋብሪካ መመረት ያቆመው በ2016 ስለሆነ በእጅዎ ያለው ምትክ የሚገኝለት ዕቃ አይደለም።

ሲቀዱ ዴኩ ኤስ ቪዲዮ (ቀለሙንና ብርሃኑን ለይቶ የሚያስተላልፍ) መውጫ ካለው በእሱ ይጠቀሙ፤ የምስሉን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል የጊዜ ማረሚያ ያለው መሣሪያ በመካከል ቢገባ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ የሚወላገዱት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይረጋሉ። የሚቀመጠው ፋይል ከጥራቱ ምንም በማይቀንስ መንገድ መሆን አለበት፤ እኔ ኤፍኤፍቪ1 የተባለውን እመርጣለሁ። የፓል ምስል ሳይጨመቅ በሰዓት 75 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ መንገድ ግን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ከዴኩ የምስል ሰርኪዩት በፊት ምልክቱን ከሄዱ ላይ በቀጥታ የሚቀዱና ቀሪውን በኮምፒውተር የሚሠሩ አፍቃሪዎችም አሉ፤ ውጤቱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ዴኩን ከፍቶ ሽቦ መበየድ ስለሚጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርዎትም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ዋናውን ፋይል «አያሳምሩት»። በምስሉ ግርጌ የሚንቀጠቀጠውን ቀጭን መስመር አይቁረጡ፣ ቀለሙን አይለውጡ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አያሳድጉት። ያ ፕሮግራም ያልነበረ የፊት ገጽታ ፈጥሮ ይጨምራል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ደግሞ የቱ ከካሴቱ፣ የቱ ከኮምፒውተሩ እንደመጣ መለየት አይችልም። ለማየት የሚመች የጸዳ ቅጂ ከፈለጉ ለብቻው ያዘጋጁ። ዋናውን በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያኑሩ፤ አንደኛው ከቤትዎ ውጭ ይቀመጥ። ካሴቱንም ከቀዱት በኋላ አይጣሉት፤ እንደ መጽሐፍ አቁመው፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያኑሩት። ፋይሎቹንም ለራስዎ ይያዙ እንጂ የባለመብቱን ፈቃድ ሳያገኙ አያሠራጩ።

አደራ ተቀባይ፦

ከሠላሳ አራቱ በአራቱ ላይ ነጩን ነገር አየሁ፤ ለይቼ አሽጌያቸዋለሁ። ዴኩን ነገ ለጽዳት እወስደዋለሁ። መጀመሪያ የምቀዳው ወንድሜ በጀርባው ላይ ከፊልሙ ስም ቀጥሎ የእኔን ስም የጻፈበትን ካሴት ነው፤ ለእኔ ብሎ እንደቀዳው የማውቀው አሁን ገና ነው። ማስታወቂያውንም መግቢያውንም ሳልቆርጥ፣ ክሩ እስኪያልቅ እቀዳዋለሁ።