አሞራ ገደል ላይ ለአባ ኮዳ ዓሣ መወርወር ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ጠያቂ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳን፣ ያንን አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ፣ ለጎብኚ ፎቶ ሲባል በዓሣ ሆድ ዕቃ ማባበል ተለምዷል። እኔ ይቁም ባይ ነኝ። እዚያው ዳር ላይ ያለችውን ቡናማ ወፍ እዩአት፣ ራሷ መዶሻ የሚመስለውን። ማንንም አትለማመጥም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ጭቃውን በእግሯ ትቀሰቅሳለች፤ እንቁራሪት ወይ ትንሽ ዓሣ ብቅ ሲል ለቀም። አባ ኮዳን ግን ለማኝ አደረግነው።

የጀልባ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ለማኝ አትበለው። ድሮም ጥንብ ይበላል፣ ተፈጥሮው ነው። ቁመቱ እኮ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል! የዚያች ቡናማ ወፍ 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቷም ግማሽ ኪሎ አካባቢ። በእንቁራሪት እንዴት ይጥገብ? ደግሞ ትርፍራፊውን እሱ ባይጠርገው ሽታውን ማን ይችለዋል?

ዓሣ የምበልት፦ መጥረጉስ ይጠርጋል፣ እግዜር ይስጠው። ቆሮሶ ዓሣ ስበልት ከጎኔ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ግን ሆድ ዕቃውን ከነፌስታሉ የሚወረውርለት ሰው አለ። ፌስታሉንም አብሮ ዋጥ ያደርገዋል። ከለመደ በኋላ ደግሞ ካልሰጡት ይቆጣል፤ ያን ምንቃር ሕፃን ልጅ ፊት ላይ አስቡት።

የባዮሎጂ መምህር፦ እህቴ ያለችው ላይ ልጨምር። «ኮዳው እስኪሞላ ስጠው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው አየር የሚሞላ ከረጢት እንጂ የምግብ ማከማቻ አይደለም። ሁለቱን ወፎች ማፎካከሩ ግን አልተዋጠልኝም፤ ችግራቸው ለየቅል ነው። ባለ መዶሻ ራሷ ቡናማ ወፍ ከሰው ምግብ አትፈልግም፣ ዛፍና ንጹሕ ዳርቻ ነው የምትፈልገው። ጎጆዋን አይታችሁታል? ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፣ በሺዎች የሚቆጠር ጭራሮ ይፈጃል፣ መግቢያው በጭቃ የተለሰነ ነው። ትታው ስትሄድ ጉጉት ይገባበታል። ዛፉን ከቆረጥን ይህ ሁሉ የለም። ለአባ ኮዳ ደግሞ ሆድ ዕቃው ያለ ፌስታል አንድ ቦታ ይደፋለት፤ ጎብኚውም ራቅ ብሎ ያንሳው።

ጠያቂ፦ መምህር፣ በዚህ እስማማለሁ። ከእጅ ማጉረሱ ብቻ ይቁም።

የጀልባ ልጅ፦ እሺ፣ ፌስታሉ ይቅር። ግን ጎብኚው የሚከፍለን ወፉን አጠገቡ ሊያይ ነው። ራቅ በል ስለው እሺ ይለኛል? ቦታውን አጥሮ የሚያስከብር ካለ እኔ የመጀመሪያው ነኝ።